በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል እኩል ያልሆነ የጨዋታ መርሐ ግብር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ ኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ሊግ) ውስጥ ያሉ ቡድኖች ለምን ሁሉም ከሁሉም ጋር አይጫወቱም?

ጊዜው ስለማይበቃ ነው። አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚያደርገው 12 ጨዋታ ብቻ ነው። ፉትቦል (እግር ኳስ ሳይሆን የአሜሪካኖቹ ጨዋታ) አካል የሚጎዳ በመሆኑ በሳምንት ሁለቴ መጫወት አይታሰብም፤ ዘመኑም ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ያልቃል። ኮንፈረንሶቹ ግን አብጠዋል። ከ2024 ጀምሮ ከአራቱ ትልልቅ ኮንፈረንሶች ቢግ ቴን 18፣ ኤ.ሲ.ሲ. 17፣ ኤስ.ኢ.ሲ.ና ቢግ ትዌልቭ ደግሞ 16፣ 16 ቡድን ይዘዋል። 18 ቡድን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ቢገናኝ ለእያንዳንዱ 17 ጨዋታ ያስፈልገዋል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 20 ክለቦቹን በ38 ጨዋታ በሜዳና ከሜዳ ውጪ ያገናኛል፤ እዚህ ያ ቦታ የለም። ስለዚህ አንድ የቢግ ቴን ቡድን ከ17 የሊግ ባልደረቦቹ 9ኙን ብቻ ይገጥማል፤ 8ቱን በዚያ ዓመት ጨርሶ አያያቸውም። ደረጃው ግን በአንድ ሰንጠረዥ ይወጣል። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ድሮ በምድብ ሲከፈሉ ፍትሐዊ አልነበረም?

በከፊል። ኮንፈረንሱ ለሁለት ይከፈልና የአንድ ምድብ ቡድኖች ሁሉም እርስ በርስ ይጫወታሉ፤ የሁለቱ ምድብ መሪዎች ለዋንጫ ይገናኛሉ። በምድቡ ውስጥ ያለው ፉክክር የሚነጻጸር ነበር። ምድቦቹ ግን አይመጣጠኑም ነበር። ቢግ ቴን ከ2014 እስከ 2023 ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ሲከፈል ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺጋን፣ ፔን ስቴትና ሚሺጋን ስቴት አራቱም ምሥራቅ ወደቁ። በአሥሩም ዓመት ዋንጫውን ያነሣው የምሥራቁ ቡድን ነው። ሚሺጋን አይዋን በ2021 42 ለ 3፣ በ2023 ደግሞ 26 ለ 0 ሲያሸንፍ ያየ ሰው፣ አይዋ እዚያ የደረሰው በጥንካሬው ብቻ እንዳልነበረ ለመረዳት አይቸገርም።

ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ የሆነው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ቢግ ቴንን ሲቀላቀል የተመደበው እዚያው ምሥራቅ ነው። ከዚያ በኋላ፣ በወረርሽኙ ከተቃወሰው ከ2020 በስተቀር፣ ኦሃዮ ስቴትን፣ ሚሺጋንንና ፔን ስቴትን በየዓመቱ መግጠም ግዴታው ሆነ። በምዕራብ ያሉት ኢሊኖይና ፐርዱ ግን ሦስቱንም በየዓመቱ የመግጠም ግዴታ አልነበረባቸውም።

ኤስ.ኢ.ሲ. ደግሞ ሌላ ጉድለት ነበረበት፤ ከሌላው ምድብ ጋር የሚደረገው ጨዋታ እጅግ ጥቂት ነበር። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2012 ከገባ በኋላ ምድቦቹ እስከቀሩበት እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ ጆርጂያ አንድም ጊዜ ወደ ሜዳው ሄዶ አልተጫወተም። አንድ ተማሪ ገብቶ፣ ተመርቆ፣ ሁለተኛ ዲግሪውንም ይዞ ሲወጣ የአንድ ሊግ ባልደረባ ሜዳው ላይ አልታየም ማለት ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. በ2022 የምድብ ግዴታውን ሲያነሣ ኮንፈረንሶቹ አንድ በአንድ ወደ አንድ ሰንጠረዥ ተሻገሩ፤ ኤስ.ኢ.ሲ.ና ቢግ ቴን በ2024።

“ከባድ መርሐ ግብር” ሲባል ምን ይቆጠራል?

ብዙ ሰው የሚቆጥረው የተጋጣሚዎቹን ስም ብቻ ነው። ስሙ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የት፣ መቼና ከምን ዓይነት እረፍት በኋላ የሚለው ነው።

የ2024ቱን ጆርጂያ እንውሰድ። ከስምንቱ የኮንፈረንስ ተጋጣሚዎቹ መካከል አላባማ፣ ቴክሳስ፣ ኦል ሚስና ቴነሲ ነበሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ያገኘው ከሜዳው ውጪ ነው። በአላባማ 41 ለ 34፣ በኦል ሚስ 28 ለ 10 ተሸንፎ 6 ለ 2 (6 ድል፣ 2 ሽንፈት) ጨረሰ። ቴክሳስ በዚያው ዓመት አላባማን፣ ኦል ሚስንም ሆነ ቴነሲን አልገጠመም፤ 7 ለ 1 ሆኖ ከሰንጠረዡ አናት ተቀመጠ። ብቸኛ ሽንፈቱ በገዛ ሜዳው በጆርጂያ 30 ለ 15 የደረሰበት ነው፤ ለዋንጫ ሲገናኙም ጆርጂያ በተጨማሪ ሰዓት 22 ለ 19 ረታ።

ከዚህ ሌላ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ተጋጣሚው ከእረፍት ሳምንት ሲመጣ እርስዎ ካለፈው ቅዳሜ ድካም ጋር ከሆኑ፣ እሱ ለመዘጋጀት ሁለት ሳምንት አግኝቷል። የዓርብ ጨዋታ አንድ የማገገሚያ ቀን ይበላል። ሁለት ተከታታይ የሜዳ ውጪ ጨዋታ ከአንድ ይከብዳል። ኦሪገን፣ ዋሽንግተን፣ ዩ.ኤስ.ሲ.ና ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ቢግ ቴን ከገቡ ወዲህ ደግሞ ሦስት የሰዓት ቀጠና አቋርጦ መጫወት የተለመደ ሆኗል፤ ይህ ሸክም ከሁሉ በላይ የሚያርፈው በአራቱ ላይ ነው።

አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆን ብሎ ቀላል ተጋጣሚ ሊመርጥ ይችላል?

በኮንፈረንሱ ውስጥ አይችልም፤ መርሐ ግብሩን የሚያወጣው የኮንፈረንሱ ጽሕፈት ቤት ነው። ከኮንፈረንሱ ውጪ ባሉት ሦስት ወይም አራት ጨዋታዎች ግን ውሉን የሚፈርመው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ስለሆነ ይችላል፤ ያደርጉታልም። ትንንሽ ቡድኖች ተከፍሏቸው ወደ ትልቁ ሜዳ ይመጣሉ፤ ትልቁ ደግሞ የትኬት ገቢና ከሞላ ጎደል የተረጋገጠ ድል ያገኛል።

“ኮንፈረንሱ መርሐ ግብሩን ለአንዱ ቡድን አድልቶ ያወጣል” የሚባለው ወሬም አያስኬድም፤ ማን ጠንካራ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ማን ማንን እንደሚገጥም የሚወሰነው ከዓመታት በፊት ነው። ኢንዲያና በ2023 3 ለ 9 ነበር፤ በ2024 መደበኛውን ዘመን 11 ለ 1 ጨረሰ። ፍሎሪዳ ስቴት በ2023 13 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ በቀጣዩ ዓመት 2 ለ 10 ሆነ። በ2022 ፍሎሪዳ ስቴትን “ከባድ”፣ ኢንዲያናን “ቀላል” ብሎ የመደበ ሰው በ2024 ሁለቱንም ስቷል።

እኩል ውጤት ያላቸው ቡድኖች ሳይገናኙ ሲቀሩ እንዴት ይለያሉ?

ከ1996 ጀምሮ በኮሌጅ ፉትቦል አቻ የለም፤ ጨዋታው ተሸናፊ እስኪገኝ ይቀጥላል። በሰንጠረዡ ላይ ግን እኩል መሆን ሞልቷል። ትልቁ ማሳያ የ2025ቱ ኤስ.ኢ.ሲ. ነው፤ አላባማ፣ ጆርጂያ፣ ኦል ሚስና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም አራቱም 7 ለ 1 ጨረሱ። ለዋንጫው የሚያልፉት ሁለት ብቻ ናቸው።

ሕጉ በቅደም ተከተል ይሄዳል። መጀመሪያ የእርስ በርስ ውጤት ይታያል። አራት ቡድን ስድስት ጥምረት ይሰጣል፤ የተጫወቱት ግን ሁለት ብቻ ነበሩ፦ አላባማ ጆርጂያን፣ ጆርጂያ ደግሞ ኦል ሚስን አሸንፏል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ከሦስቱ አንዱንም አልገጠመም። ስለዚህ ይህ አልሠራም። ቀጥሎ ሁሉም በጋራ የገጠሟቸው ተጋጣሚዎች ይፈለጋሉ፤ አራቱም የተጫወቱት አንድም የጋራ ተጋጣሚ አልተገኘም። ይህ በራሱ አንድ ሊግ የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደላላ ያሳያል። ሦስተኛው መስፈርት የጋራ ተጋጣሚ ስለሚፈልግ ታለፈ። አራተኛው የኮንፈረንስ ተጋጣሚዎች ጠቅላላ የማሸነፍ ምጣኔ ነው፤ ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ።

ስሌቱን ማንም በወረቀት ሊሠራው ይችላል። የስምንቱን ተጋጣሚዎች የኮንፈረንስ ድል ይደምሩና ለ64 ያካፍሉ፤ ስምንት ተጋጣሚ እያንዳንዱ ስምንት የኮንፈረንስ ጨዋታ ስላለው ነው። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም እንዲህ ይወጣል፦ ኦበርን 1፣ ሚሲሲፒ ስቴት 1፣ ፍሎሪዳ 2፣ አርካንሳ 0፣ ኤል.ኤስ.ዩ. 3፣ ሚዙሪ 4፣ ሳውዝ ካሮላይና 1፣ ቴክሳስ 6። ድምሩ 18፣ ማለትም 28 በመቶ። በዚሁ መንገድ አላባማ 32 (50 በመቶ)፣ ጆርጂያ 30 (47 በመቶ)፣ ኦል ሚስ 22 (34 በመቶ) አገኙ። አላባማና ጆርጂያ አለፉ፤ ጆርጂያ 28 ለ 7 አሸነፈ።

“ተጋጣሚን ማሸነፍ ራሱ የተጋጣሚውን ቁጥር ስለሚቀንስ ስሌቱ ራሱን ይበላል” የሚል ቅሬታ ይሰማል። እኩል የሆኑት ቡድኖች ሁሉም ሰባት ሰባት ጊዜ ስላሸነፉ ቅናሹ ለሁሉም እኩል ነው፤ በዚህ በኩል ስሌቱ አይጎዳም።

ታዲያ ይህ መለያ ፍትሐዊ ነው?

ከዕጣ ይሻላል። ከባድ መንገድ የሄደውን ይክሳል፤ ይህ ትክክል ነው። ጉዳቱ አንድን ቡድን ባልወሰነው ነገር መቅጣቱ ነው። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ተጫዋቾች አርካንሳ አንድም የኮንፈረንስ ጨዋታ አለማሸነፉን ሊከለክሉ አይችሉም ነበር። በመጨረሻው ቅዳሜ ደግሞ የቡድንዎ ዕድል ሌሎች ሁለት ቡድኖች በሌላ ከተማ በሚያደርጉት ጨዋታ ይወሰናል።

በ2025 በኤ.ሲ.ሲ. የሆነው ከዚህ ይብሳል። ቨርጂኒያ 7 ለ 1 ሆኖ አንደኛ ወጣ፤ ለሁለተኛው ቦታ ዱክ፣ ማያሚ፣ ጆርጂያ ቴክ፣ ፒትና ኤስ.ኤም.ዩ. አምስቱም 6 ለ 2 ላይ ቆሙ። የተጋጣሚዎች ምጣኔ ዱክን አሳለፈ። ዱክ ከኮንፈረንሱ ውጪ ያሉት ሲደመሩ 7 ለ 5፣ ማያሚ ግን 10 ለ 2 ነበር፤ ማያሚ በዚያ ዓመት ዱክንም ጆርጂያ ቴክንም ቨርጂኒያንም አልገጠመም። ዱክ ቨርጂኒያን በተጨማሪ ሰዓት 27 ለ 20 አሸንፎ የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን ሆነ፤ የአገሪቱን ሻምፒዮን ለሚለየው ፕሌይኦፍ ግን አልተመረጠም። የተመረጠው ማያሚ ነው፤ እስከ ፍጻሜውም ደረሰ። ዱክ ሕጉ የሰጠውን ቦታ ወስዶ በሜዳ አሸነፈ፤ አንድም ጥፋት የለበትም። ጉድለቱ 17 ቡድን በ8 ጨዋታ እናወዳድራለን ብሎ የተነሣው አሠራር ላይ ነው።

በ2024 ቢግ ትዌልቭም እንዲሁ ነበር። አሪዞና ስቴት፣ አይዋ ስቴት፣ ቢ.ዋይ.ዩ.ና ኮሎራዶ 7 ለ 2 ላይ ተገናኙ፤ ከስድስቱ ጥምረት የተጫወተው አንድ ብቻ ነው (አሪዞና ስቴት ቢ.ዋይ.ዩ.ን 28 ለ 23)። ኮሎራዶ ሦስቱንም አላገኛቸውም።

8 ወይስ 9 የኮንፈረንስ ጨዋታ? ለውጡ ይህን ያህል ያከራክራል?

ያከራክራል፤ ምክንያቱም የኮንፈረንስ ጨዋታ ሁልጊዜ ከሊጉ አንድ ተሸናፊ ይወልዳል። 16 ቡድን 8 ጨዋታ ሲጫወት 64፣ 9 ሲጫወት 72 ግጥሚያ ይሆናል። ስምንት ተጨማሪ ሽንፈት በሊጉ ላይ ይበተናል ማለት ነው። 8 የሚጫወተው ሊግ በዚያ ቦታ ትንሽ ቡድን ጋብዞ ድል ይሰበስባል፤ በመጨረሻም “10 ለ 2” የሚለው ቁጥር በሁለት ሊጎች ሁለት የተለያየ ነገር ይናገራል። ኤስ.ኢ.ሲ. ለዓመታት “የእኛ 8 ከእናንተ 9 ይከብዳል” ሲል ቆይቷል። በብዙ ዓመታት ውስጥ እውነትነት ነበረው፤ ግን በሜዳ የማይፈተን ክርክር ነው።

በኦገስት 2025 ኤስ.ኢ.ሲ. ከ2026 ጀምሮ 9 እንደሚጫወት አስታወቀ፦ በየዓመቱ የማይለወጡ 3፣ የሚፈራረቁ 6። ከቀሩት 12 ቡድኖች ጋር በሁለት ዓመት አንዴ፣ በአራት ዓመት ደግሞ በሜዳና ከሜዳ ውጪ ይገናኛሉ። ከዚህ ሌላ ከትልልቆቹ ሊጎች ወይም በፉትቦል የየትኛውም ኮንፈረንስ አባል ካልሆነው ከኖትርዳም አንድ ተጋጣሚ መያዝ ግዴታ ነው። የተሻለ ውሳኔ ነው። 9 ጎዶሎ ቁጥር በመሆኑ ግማሹ ቡድን 5 ጨዋታ በሜዳው፣ ግማሹ 4 ብቻ ያገኛል፤ ይህ በየዓመቱ ይገለባበጣል።

ኤ.ሲ.ሲ. ለምን ለሁሉም 9 ማድረግ አልቻለም?

ኤ.ሲ.ሲ.ም ወደ 9 ጨዋታ ለመሻገር ወስኗል፤ ለሁሉም ያልሆነው ሒሳቡ ስለማይፈቅድ ነው። እያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት ቡድን ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሁሉም ቡድኖች ጨዋታ ሲደመር ለሁለት መካፈል አለበት። 17 ሲባዛ በ9 153 ነው፤ ለሁለት አይካፈልም። አንድ ቡድን 8 ላይ መቅረት አለበት፦ 16 ሲባዛ በ9፣ ሲደመር 8፣ 152፤ ማለትም 76 ግጥሚያ። በሽግግሩ ዓመት በ2026 ደግሞ 12 ቡድኖች 9፣ 5 ቡድኖች 8 እንዲጫወቱ ነው የተወሰነው። በአንድ ሰንጠረዥ ላይ የጨዋታ ብዛታቸው የተለያየ ቡድኖች ይቀመጣሉና ደረጃ የሚወጣው በድል ብዛት ሳይሆን በምጣኔ ነው፤ 7 ለ 1 (87.5 በመቶ) ከ7 ለ 2 (77.8 በመቶ) ይበልጣል።

ቋሚ ባላንጣዎች መርሐ ግብሩን ያዛባሉ?

አዎን፤ ግን መነካት የለባቸውም። ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን በየዓመቱ የማይገናኙበት ቢግ ቴን፣ ወይም አላባማና ኦበርን የማይገናኙበት ኤስ.ኢ.ሲ. ማን ይመለከተዋል? ጥያቄው የቋሚዎቹ ቁጥር ነው። በቢግ ቴን አይዋ ሦስት፣ ሚሺጋን ሁለት ቋሚ ባላንጣ ሲኖራቸው ፔን ስቴት አንድም የለውም። ባላንጣው ጠንካራ የሆነበት ቡድን ሁልጊዜ ይከፍላል። በምድቦቹ ዘመን ኤል.ኤስ.ዩ. በየዓመቱ ፍሎሪዳን እንዲገጥም መገደዱን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ቅሬታው መሠረት ነበረው።

የፕሌይኦፉ መራጭ ኮሚቴ ይህን ልዩነት አያስተካክልም?

ይሞክራል። 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ 12 ቡድን ያስገባል፤ በ2024ና በ2025 ከእነዚህ 5ቱ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች፣ 7ቱ በምርጫ የገቡ ነበሩ። ከ2025 ጀምሮ ጠንካራ ተጋጣሚን ማሸነፍ የበለጠ እንዲያስገኝ፣ በጠንካራ መሸነፍ ብዙ እንዳይጎዳ፣ በደካማ መሸነፍ ግን አብዝቶ እንዲቀጣ የሚያደርግ መለኪያ ተጨምሮለታል።

በ2024 ኢንዲያና 11 ለ 1 ሆኖ ሲመረጥ “ማንን አሸነፈ?” የሚል ጩኸት ተነሣ። ኦሪገንንና ፔን ስቴትን አልገጠመም፤ ኦሃዮ ስቴትን ገጥሞ 38 ለ 15 ተሸነፈ፤ በፕሌይኦፉም በኖትርዳም 27 ለ 17 ወደቀ። በዚያው ዓመት ፔን ስቴትም በኮንፈረንስ ጨዋታ እንደ ኢንዲያና 8 ለ 1 ነበር፤ እሱም የተሸነፈው በኦሃዮ ስቴት ብቻ ነው፤ ኦሪገንንና ኢንዲያናንም አልገጠመም። ለኮንፈረንሱ ዋንጫ ያለፈው ግን ፔን ስቴት ነው፤ እሱ ላይ ግን “ማንን አሸነፈ?” ተብሎ ያን ያህል አልተጮኸበትም። ስም ያለው ቡድንና ስም የሌለው ቡድን በአንድ ዓይነት መርሐ ግብር በሁለት ሚዛን ተመዘኑ። በሰንጠረዡ አራተኛ የነበረው ኦሃዮ ስቴት ደግሞ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ኢንዲያና ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10 ረትቶ ቢግ ቴንን ወሰደ፤ በፍጻሜውም ማያሚን አሸንፎ 16 ለ 0 ጨረሰ። ቀላል መርሐ ግብር ያለው ቡድን ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ አልተፈተነም ማለት ብቻ ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ከ2024/25 ጀምሮ ተመሳሳይ ችግር ገጥሞታል፤ 36 ክለብ፣ አንድ ሰንጠረዥ፣ ለእያንዳንዱ 8 ጨዋታ። ክለቦቹን በጥንካሬ በአራት ቋት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ከየቋቱ ሁለት ሁለት ተጋጣሚ ይሰጣል፤ አራቱን በሜዳ፣ አራቱን ከሜዳ ውጪ። ፍጹም ባይሆንም ጭነቱን ያቀራርባል። ኮሌጆቹ እንዳለ ሊወስዱት አይችሉም፤ የቋት ዕጣ የሚወጣው ዘመኑ ሊጀምር ሳምንታት ሲቀሩት ነው፤ እነሱ ደግሞ የዓመት ትኬት የሚሸጡትና ጉዞ የሚያዘጋጁት ወራት ቀደም ብለው ነው።

ሊሠራ የሚችለው ግማሽ መንገድ ነው፦ ከኮንፈረንስ ጨዋታዎቹ ሰባቱ ወይም ስምንቱ አስቀድመው ይታወቁ፤ አንዱ ሳምንት ባዶ ይቀመጥና ከስድስት ወይም ከሰባት ጨዋታ በኋላ ያልተገናኙ መሪዎች ይገናኙበት፤ አስተናጋጁ ማን እንደሆነ ብቻ አስቀድሞ ይነገር። ቢግ ቴን በ2020 በዘመኑ ማብቂያ የሁለቱ ምድብ እኩል ደረጃ ያላቸው ቡድኖች የሚገናኙበት ሳምንት አዘጋጅቶ ነበር፤ ወረርሽኙ የተወሰኑትን ጨዋታዎች ሰረዘ እንጂ ሐሳቡ አልከሸፈም። በ2025 እንዲህ ያለ ሳምንት ቢኖር ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ከኦል ሚስ ጋር ተገናኝቶ አንዱ በሜዳ ይለይ ነበር።

የቡድኔን መርሐ ግብር ሳነብ ምን ልመልከት? ቀኑና ሰዓቱስ መቼ ይታወቃል?

ካለፈው ዓመት ሰንጠረዥ የላይኛው ሲሶ ውስጥ ያሉትን ተጋጣሚዎች ይቁጠሩ፤ ከእነሱ ስንቱ ከሜዳ ውጪ እንደሆኑ ያስምሩ። ከዚያ የእረፍት ሳምንቱን ያግኙ፤ በ2024ና በ2025 ሁለት ነበር፤ በአብዛኛው ዓመት ግን አንድ ነው። ከእርስዎ በፊት እረፍት ያላቸውን ተጋጣሚዎች ይለዩ። ዘመኑ ሲጋመስ ሁሉንም እንደገና ይሥሩት፤ በኦገስት ከባድ የመሰለው በኦክቶበር ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ተጋጣሚዎቹ ከዓመታት በፊት፣ ቀኖቹ ደግሞ ዘመኑ ከመጀመሩ ከወራት በፊት ይወጣሉ። የጨዋታው ሰዓት ግን የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ምርጫ ነው፤ ለብዙዎቹ ጨዋታዎች የሚታወቀው 12 ቀን፣ አንዳንዴም 6 ቀን ብቻ ሲቀረው ነው። ከሌላ ከተማ በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ የመመለሻ ትኬትዎን ለቅዳሜ ማታ አይቁረጡ፤ የቀትር ይሆናል የተባለው ጨዋታ ወደ ምሽት ሊዛወር ይችላል።